ችሎት የቀረበው በር

ባላምባራስ ጓንጉል ከቢተው ጋር ወፍጮ ቤት አቋቁመው፣ ወፍጮው ማትረፍ ሲጀምር «የምን ሸሪክ? የብቻዬ ነው!» ብለው ስለካዱት ቢተው ከሰሳቸው። ዳኛውም «እስቲ ከሌላ ወገን ይጣራ» ብለው፣ ሁለቱ የሚጠጡበት ጠላ ቤት ባለቤት የዱቤ መዝገቧን እንድታቀርብ አዘዙ። ባላምባራስ መዝገቧ በሯ ላይ በከሰል የተሰመረ መሆኑን ያውቃሉና «ግልባጭ አልቀበልም፤ ዋናው ይምጣ!» አሉ።

ሴትዮዋ በሩን ነቅላ፣ አዝላው ችሎት ገባች።

«ቤቴ ክፍቱን ነውና ቶሎ ይታይልኝ፣ ጌቶቼ። ባላምባራስ ሰባት ዓመት ሙሉ በዱቤ በጠጡ ቁጥር ‹ግማሹን በሸሪኬ ያዥው› ስለሚሉኝ፣ ግማሹን በዚህ፣ ግማሹን በዚያ አስምሬያለሁ።»

«ውሸት! ሸሪክ የለኝም!» ብለው ጮኹ ባላምባራስ።

«እንግዲያው የወዲያኛውም ግማሽ የእርስዎ ዕዳ ነዋ!» አለች ሴትዮዋ። «እስቲ ጎንበስ ይበሉልኝ ጌታዬ፤ በሩን እንዳለ ላሳዝልዎ።»