በበሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ

ኅዳር 1999 ዓመተ ምሕረት ነው። እኔ ያን ጊዜ የኀምሳ አራት ዓመት ሰው ነበርሁ።

በከተማችን አንድ ሰው ነበሩ። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሩት እርሳቸው፣ ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ የሚጠሩት እርሳቸው፣ ለሰርጉ መራቂ፣ ለለቅሶው አጽናኝ እርሳቸው። ከአክብሮት የተነሣ «ጋሼ» እንጂ በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም።

እኚህ ሰው ይጠጡ ነበር። በአደባባይ አይደለም፤ በጓዳ። ጠዋት አረቄ ካልቀመሱ እጃቸው አይረጋም ነበር። ከቤት ሲወጡ ቅርንፉድ ያኝካሉ። ሽታውን ቅርንፉዱ፣ የእጃቸውን መንቀጥቀጥ ጋቢው ይሸፍንላቸዋል። ሰውየውንስ ማን ይሸፍነው?

ሕመሙ ሲጸናባቸው የጤና ጣቢያዋ ነርስ እንዲህ አለቻቸው፦ «አባቴ፣ ጉበትዎ ተጎድቷል። ካልተዉት ይሞታሉ፤ ብቻዎን ደግሞ አይተዉትም። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጠጥ ለመተው የሚታገሉ ሰዎች በሰበካው አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ሄደው ይናገሩ።»

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ የሺመቤት ነገሯቸው፤ ይህን ሁሉ በኋላ የሰማሁት ከወይዘሮዋ ነው። ሰውየው ስንት ሐሙስ እስከ አዳራሹ አጥር ሄደው ተመለሱ! ወገኖቼ፣ ወደ አረቄው ቤት መንገዱ ቁልቁለት ነው። ወደ መዳኛው ደጅ ግን እግር ይከብዳል። ለምን ይመስላችኋል?

በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ገቡ። እኔም ታናሽ ወንድሜን አጅቤ በዚያ ተቀምጬ ነበር።

የጉባኤው ሥርዓት እንዲህ ነው። አዲስ የመጣ ሰው በበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ይቀመጣል። ተራው ሲደርስ ይነሣል፤ ስሙን ይናገራል፤ «መጠጥ አሸንፎኛል» ይላል። ሌላ የሚጠየቀው ነገር የለም።

እርሳቸው በሩን ሲያልፉ ሁላችንም ብድግ አልን። «ኖር!» አልን።

«በእግዜር! ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አሉና ያንን አግዳሚ በእጃቸው ዳሰሱት። «እኔ እዚህ ይበቃኛል።»

«ኧረ በፍጹም! ጋሼ በር ላይ?» አለ ገብረጻድቅ የሚባል ጫማ ሰፊ። «እኛ ምን ሆነን ነው እርስዎ በር ላይ የሚቀመጡት?»

«ተወኝ ልጄ፣ ይመቸኛል።»

«አይሆንም! በሞቴ!»

ክንዳቸውን ይዞ ወደ ላይ ወሰዳቸው። ብቸኛውን ባለመደገፊያ ወንበር አቀረቡላቸው። አንዱ ቀልደኛ ከኋላ፣ «ጋሼ፣ ሊያስታርቁን መጡ እንዴ? ከአረቄ ጋር ከሆነ ዕርቁ ይቅርብን!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እርሳቸውም ሳቁ።

ተራ በተራ ሁሉም ተናገረ። እርሳቸው ዘንድ ሲደርስ ሰብሳቢው ዝቅ ብሎ፣ «አባታችን፣ ምክርዎንና ምርቃትዎን» አላቸው።

ቆሙ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ከዚያም፣ «ልጆቼ… መጠጥ ክፉ ነው። እግዚአብሔር ያበርታችሁ» አሉ። «አሜን» አልን። መረቁን፤ «አሜን» አልን። እስከ ደጅ ሸኘናቸው።

ወይዘሮ የሺመቤት በቤታቸው በር ላይ ይጠብቋቸው ነበር።

«ነገሯቸው?»

«መረቅኋቸው።»

«እርስዎንስ ማን መረቀዎት?»

ወደ ጓዳ ገቡ።

ወደዚያ አዳራሽ ዳግመኛ አልመጡም። ሰኔ ሲገባ ቀበርናቸው። ሳጥናቸው ሲያልፍ ያ ጉባኤ በሙሉ ብድግ አለ።

ከቀብሩ ስንመለስ ገብረጻድቅ ድንገት ቆመና፣ «ያን ቀን ቅርንፉድ ሸቶኝ ነበር» አለኝ። «እኔም ስንት ዘመን ያኘክሁት ነው፤ አይጠፋኝም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«ጋሼን? ለእርሳቸው እንዲህ ያለ ነገር ይባላል?»

ይባላል ወይስ አይባልም? እናንተ መልሱልኝ።

ወገኖቼ፣ ለሽማግሌ መነሣት የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። እኔም እነሣለሁ። ነገር ግን አንድን ሰው ወርዶ «ታምሜአለሁ» ማለት እስከማይችልበት ድረስ ከፍ ስታደርጉት፣ አከበራችሁት ወይስ ቀበራችሁት? በየቤታችሁ አባት አለ። በየእድራችሁ ዳኛ አለ። እዚህ ከመድረኩ ላይ የሚቆምም አለ። ስንት ጊዜ «ይመርቁን» አላችሁት? ስንት ጊዜስ «እንዴት ነዎት?» ብላችሁ መልሱን ቆማችሁ ጠበቃችሁ?

ከመካከላችሁ ዛሬ ቅርንፉድ አኝኮ የመጣ ካለ፣ ለእርሱም የምለው አለኝ። ያ አግዳሚ ዛሬም በበሩ አጠገብ አለ። እዚያ እንድትቀመጥ እንደሚተዉህ ቃል ልገባልህ አልችልም፤ እኛን አውቃለሁና። ነገር ግን ክንድህን ይዘው ቢስቡህ፣ አግዳሚውን በሁለት እጅህ ያዝ። አትነሣ።

እኔ አርጅቻለሁ፤ ብዙ ነገር ይምታታብኛል። በዚያ አዳራሽ የነበራችሁ ካላችሁ፣ ወሩን ወይም የተባለውን ቃል ተሳስቼ እንደሆነ አርሙኝ። ከእኛም መካከል ያን ቀን ወደ እርሳቸው ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እርስዎስ ደኅና ነዎት?» ያለ አንድ ሰው ኖሮ እንደሆነ፣ እባካችሁ እርሱንም አርሙኝ።