እሾህ የለሹ የፈንታነሽ በለስ

ድሮ ነው ልጆቼ። የአያቴ አያት ገና ያልተዳረችበት፣ አሞሌ ጨው በበቅሎ ተጭኖ በዚህ በኩል የሚያልፍበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን አጋምቴ በምትባል ቆላ መንደር ፈንታነሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ሞቷል። ያለቻት ላቀች የምትባል አንዲት ልጅ ናት። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባላልና ከሰው መሃል ቤት መሥራት አልተፈቀደላትም፤ ጎጆዋ ከገደሉ አፋፍ ላይ ለብቻዋ ቆማለች። ማድጋዋን ግን የማይገዛ አልነበረም።

የአጋምቴ አጥር ሁሉ በለስ ነው። ያኔ ደግሞ በለስ ሁሉ እሾሃም ነው። በደህናው ቀን ሰው እሾሁን በእሳት ለብልቦ ለከብቱ ይሰጣል። በክፉ ቀን ከብቱ አይጠብቅም፤ ከነእሾሁ ይበላል፤ አፉ ያብጣል፤ ይሞታል።

አንድ ቀን ላቀች የበለስ ፍሬ ስትለቅም ነፋስ ተነሣ። እንደ ብናኝ የደቀቀው እሾህ ከዓይኗ ገባ። ዓይኗ ቀላ፤ መገለ። እናቷ የምታውቀውን ቅጠል ሁሉ ጨመቀችላት። አልሆነም፤ ዓይኗ ጠፋ።

ከጊዜ በኋላ አንድ የጨው ነጋዴ ገንቦ ሊገዛ መጣ። ልጅቱን አይቶ አዘነና ከስልቻው የበለስ ፍሬ አውጥቶ ዘረጋላት። ፈንታነሽ ዘላ የልጇን እጅ ያዘች።

«አይዞሽ እናቴ» አለ ነጋዴው። «ይሄ ከሩቅ አገር ነው። ተክሉም እሾህ የለውም።»

«እባክህ ቅጠሉን አምጣልኝ! እተክለዋለሁ።»

«በዚያ መንገድ ሁለተኛ አልመለስም።»

ላቀች ፍሬውን በላች። ፈንታነሽ ዘሩን ከልጇ አፍ በመዳፏ ተቀበለች።

በለስ ቅጠሉን ቆርጠው ቢተክሉት ቶሎ ይይዛል። ከዘር ግን ማንም አያበቅለውም፤ የሰው ዕድሜ ይፈጃል ይባላል። ፈንታነሽ ዘሩን በሻካራ አሸዋ አሸች፤ ውሃ ውስጥ ነከረች፤ በተሰበረ ማድጋ ገል ላይ አሸዋ ደልድላ ዘራች። ጠበቀች። ክረምቱ አለፈ። ጠበቀች። ብዙ ውሃ ካገኘ ይበሰብሳል፤ ካጣም ይደርቃል፤ ስለዚህ በጣቷ ጫፍ ጠብ እያደረገች ጠበቀች።

በመጨረሻ ከምስር የማይበልጡ ቅጠሎች ሁለት ሁለት ሆነው ብቅ አሉ። ከመሃላቸው ቀጭን አንጓ ወጣ። አብዛኛው እሾህ ነበረው። የፈንታነሽ ጣት በጭቃና በእሳት ደንድኗልና እሾሁን አይለይም። እናም እየጎነበሰች በጉንጯ ትዳስሰው ነበር። የወጋትን ነቀለች። ያልወጋትን ተወች።

በዚያ ሰሞን የጭቃ ሹሙ የገሠሠ ጥጃ ሞተ። «ቡዳዋ በገል የምታበቅለው ነገር ነው» ተባለ። ገሠሠ ሰው አስከትሎ መጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«በለስ ነው ጌታዬ። የማይወጋ በለስ።»

«እግዜር ያልነቀለውን እሾህ አንቺ ልትነቅዪ?»

ሰዎቹ ሣቁ። ገሉን በዱላ ሰባብረው ሄዱ። ፈንታነሽ ተንበርክካ ከስብርባሪው መሃል ለቀመች። ሥሯ የተረፈው አንዲት ብቻ ነበረች። መልሳ ተከለቻት።

ቀጥሎ ዝናብ ቀረ። ለላቀች ወተት የምትሰጠው ፍየል ተራበች። በለሷ ገና መዳፍ አታክልም።

«እማ፣ ለፍየሏ ስጫት» አለች ላቀች።

«አንድ ጉርሻ ናት ልጄ። ፍየሏ ነገም ትራባለች።»

ፍየሏ ሞተች። ላቀች ከሳች፤ ንዳድ ያዛት፤ እሷም ሞተች። የሸክላ ሠሪ ልጅ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አትገባም ተባለና ከውጭ ተቀበረች። ፈንታነሽ ከቀብር ተመልሳ በለሷን ልትነቅል ጨበጠቻት ይባላል። ጨብጣት ብዙ ቆየች። ከዚያ ለቀቀቻትና ውሃ ጠብ አደረገችላት። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም።

ዓመታት አለፉ። በለሷ ቅጠል በቅጠል ላይ ደራርባ ሰው አከለች። ፈንታነሽ ቅጠሏን እየቆረጠች ተከለች፤ የገደሉ አፋፍ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ያን ጊዜ ትልቁ ድርቅ መጣ። ወንዙ ደረቀ። እሾሃሙ በለስ ተበልቶ አለቀ፤ የበሉትም ከብቶች አፋቸው አብጦ ወደቁ። ገሠሠ አርጅቶ በምርኩዝ ወደ ገደሉ ወረደ።

«ፈንታነሽ» አለ። በስሟ ሲጠራት ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። «በሬዎቼ ሊያልቁ ነው።»

«ውሰዱ» አለች። «ሥሩን ብቻ ተዉልኝ።»

ቅጠሉን ቆርጣ ዘረጋችለት። እጁን አልዘረጋም።

«ከድንጋዩ ላይ አኑሪውና ፈቀቅ በይ» አላት።

አኖረች። ፈቀቅ አለች። ከኋላው መንደሩ ሁሉ ወረደ። ለያንዳንዱ ቆረጠች፤ አኖረች፤ ፈቀቅ አለች። የአጋምቴ ከብት ተረፈ። ዝናቡ ሲመለስ የሚያርስ በሬ ያገኘ አገር አጋምቴ ብቻ ነበር።

ፈንታነሽ ያኔ አንድ ነገር ለመነች። «የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ትንሽ ገፋ አድርጉልኝ፤ ልጄ ከውስጥ ትግባ» አለች።

ሽማግሌዎቹ «እንመክርበታለን» አሉ። አዝመራው ተሰበሰበ፤ ይመክራሉ። ሌላ ክረምት ገባ፤ ይመክራሉ። ፈንታነሽ ከጭቃዋ አጠገብ ሞታ ተገኘች፤ አሁንም ይመክራሉ። እሷንም ከቅጥሩ ውጭ፣ ከልጇ ጎን ቀበሯት።

ዛሬ ውለታ የበላን ሰው «በለሷን በሉ፣ እጇን ጠሉ» የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው። በአጋምቴም ልማድ ሆኖ ቀረ፦ የበለስ ቅጠል ለተከላ የሚሰጥ ሰው መሬት አያኖረውም። እጅ በእጅ ይሰጣል፤ ተቀባዩም «የፈንታነሽ ይሁን» ብሎ በጉንጩ ነክቶ ይቀበላል። ሲያዩት ደስ ይላል።

ከእሷ ወዲህ የመጡት ሸክላ ሠሪዎችም ዛሬ የሚኖሩት ከገደሉ አፋፍ ነው። እነሱም በለስ ለመትከል ሲፈልጉ መጥተው ይጠይቃሉ። ለነሱ ከድንጋዩ ላይ ያኖሩላቸዋል።