የዛግራ ደረቅ ታንኳ

በዛግራ ደሴት ወደብ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ የደሴቱ ሰው የማይቀዝፈው አንድ ደረቅ ታንኳ ሾላው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ማዘጋጃ ቤት ይባል እንጂ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ሹሙም ጠዋት ማኅተም፣ ከሰዓት መረብ የሚይዝ ሰው ነው። ታንኳው ግን የቀልድ አይደለም። ዓሣ አይጠመድበትም፣ ሙሽራ አይሻገርበትም፤ የራሱ ታንኳ ውሃ ጠጥቶ የከበደበት መንገደኛ ሲመጣ ብቻ፣ ከየት ነህ የማን ነህ ሳይባል ይዞት ይሄዳል። በየዓመቱ ደንገል አጭዶ አዲስ የሚሠራውም ሹሙ ራሱ ነው። የልማዱ መነሻ፣ አባቶች እንደሚያወሩት፣ የሚያኮራ ነገር አይደለም።

ጊዜው የፈንጣጣ ዘመን ነበር ይባላል። ከሐይቁ ማዶ ባለው አገር ቀባሪ እስኪታጣ ሰው ሲያልቅ፣ ያኔ ደሴቱን ያስተዳድሩ የነበሩት ጭቃ ሹም ደርሰህ ሕዝቡን ከሾላው ሥር ሰብስበው፣ ከማዶ የመጣ ሁሉ ዛግራን እንዳይረግጥ አስማሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የዚያ ሁሉ ነፍስ አደራ ከብዷቸው ነው። ብቻ አፋቸው ቀደማቸውና፣ «የኔዋ አንጓች ብትመጣም አትወርድም!» ብለው ጨመሩበት። አንጓች ማዶ የተዳረች አንድዬ ልጃቸው ናት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

መጀመሪያ የመጣው ግን አንጓች ሳትሆን ሙጬ ነው፤ ባላቸው የሞተባቸው የእመት የሻረግ ብቸኛ ልጅ። ከመሐላው በፊት የወፍጮ ድንጋይ ሊሸጥ ማዶ ሄዶ ነበር። ፊቱ ላይ አንድ ቁስል እንኳ የለም። ከወደቡ ራቅ ብሎ ቆመና፣ «እሺ፣ አልወርድም። ግን ታንኳዬ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ውሏል፤ ደረቅ ታንኳ ግፉልኝና ልመለስ» አለ። የደንገል ታንኳ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ካልደረቀ እየከበደ ሄዶ እንደሚሰጥም በዛግራ ሕፃንም ያውቀዋል። ጭቃ ሹሙም ያውቃሉ። ነገር ግን ዛሬ ታንኳ የሰጠ ነገ እህል፣ ከነገ ወዲያ ቤት ይሰጣል ብለው አሰቡና፣ «በመጣህበት ተመለስ» አሉት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው። በማግስቱ መቅዘፊያው ብቻ ተንሳፎ ተገኘ። እናቱ መጥተው ወደቡ ላይ ተቀመጡ፤ ተነሡ ለማለት የደፈረም አልነበረም።

ሳምንት ሳይሞላ አንጓች መጣች፤ ባሏን ቀብራ፣ ብቻዋን ቀዝፋ። «አባዬ፣» አለች ከሩቁ፣ «ባታወርዱኝም ግድ የለም። ደረቅ ታንኳ ብቻ ግፉልኝ፤ ወገቤ ድረስ ውሃ ውስጥ ነኝ።»

የጭቃ ሹሙ ታንኳ እግራቸው ሥር ነበር፤ ሲደርቅ የሰነበተ፣ በአንድ እጅ ቢገፉት የሚሄድ። ሕዝቡ ያያቸዋል። እሳቸው ግን ያዩ የነበረው ልጃቸውን ሳይሆን እመት የሻረግን ነበር ይባላል። ይህን ታንኳ ዛሬ ከገፉት፣ ያን ዕለትም መግፋት ይቻል ነበር ማለት ነው። ለአንጓች ከተቻለ፣ ሙጬን የገደለው ፈንጣጣም አይደለም፣ ሐይቁም አይደለም። ይህን በሰው ፊት ማመን አቃታቸው፤ ልጃቸው እየሰጠመች አፈሩ። በዚህ መሐል የከሰዓቱ ነፋስ ተነሣ።

የተነሡት እመት የሻረግ ናቸው። አንቱ ሲሏቸው የኖሩትን ትተው፣ «አንተ ሰው፣ የኔን ልጅ ውሃ አስበላህ፤ ያንተንም ስታስበላ ቁጭ ብዬ ላይህ ነው?» አሉና ታንኳውን ብቻቸውን ጎትተው ወደ ውሃው ገፉት። ባዶ ታንኳ ግን ነፋስ አይችልም፤ ወደ ጎን ወሰደው። ጭቃ ሹሙ ከእንቅልፉ እንደባነነ ሰው እየጮኹ ውሃው ውስጥ የገቡት ያኔ ነው። «መጣሁ አንጓች፣ መጣሁ!» እያሉ፣ ታንኳውን ይዘው፣ እስከ አንገታቸው ገብተው ገፉ። ሲደርሱ ያገኙት ነጠላዋን ብቻ ነው።

ፈንጣጣው ዛግራን ሳይነካ አለፈ። ስለዚህ መሐላው ልክ ነበር የሚሉ ዛሬም አሉ፤ የሚከራከራቸው የለም፣ ደስ ብሎት የሚሰማቸውም የለም። ጭቃ ሹም ደርሰህ ሹመቱን ትተው ከረሙ፤ ክረምቱ ሲወጣ ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ በእጃቸው ታንኳ ሠርተው ሾላው ላይ አቆሙ። ሰው ሁሉ ለአንጓች መታሰቢያ መሰለው። እመት የሻረግም መጥተው አጠገባቸው ቆሙና፣ «ለልጅህ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ጭቃ ሹሙ ቀና ብለው ማየት አልቻሉም። «ለልጅዎ ነው» አሉ።

ዛሬም አዲስ ሹም ማኅተሙን ከመረከቡ በፊት የሠራውን ታንኳ ሲያቆም፣ ከደሴቱ ሴቶች በዕድሜ የምትበልጠዋ በሕዝብ ፊት «ለማን ነው?» ትለዋለች። እንደሚነገረው፣ አንዱ ተሿሚ ደግነት መስሎት «ለኔም ለልጆቼም፣ ለሁላችንም» ብሎ ቢመልስ፣ ታንኳውን ፈትተው እንደገና ደንገል አጨዳ ሰደዱት። የሚቀበሉት መልስ አንድ ነው፤ «ለሙጬ።»