በረት የዘጋው ጎሽ አርቢ

ከደረቅ አገር መጥቶ ረግረግ ዳር የሰፈረ አንድ አርቢ ነበረ። ትርንጎ ልጄ፣ «ሴት ልጄን ወደ ሩቅ ከተማ ልልቀቃት ወይስ ላቆያት?» ብለሽ የጠየቅሽኝን በእሱ ታሪክ ልመልስልሽ።

ይህ ሰው የሚያረባው የውሃ ጎሽ ነበር። የዱሩን አይደለም፤ ለማዳውን፣ እንስቷ እንደ ላም የምትታለበውን፣ ወይፈኑ ለሥጋ የሚሸጠውን ነው። ቤቱ የሚኖረው በእነሱ ነበር።

ጎሾቹ ፀሐይ ሲበረታ ረግረጉ ውስጥ ገብተው፣ አፍንጫቸው ብቻ እስኪቀር ይተኛሉ። የአገሩ ሰው ይህን እያየ ነው ያደገው። እሱ ግን በልጅነቱ ታናሽ ወንድሙን ደራሽ ውሃ ወስዶበት ስለነበር ዓይኑን ከውሃው ላይ መንቀል አቃተው። አንዷ ጭንቅላቷን ዝቅ ባደረገች ቁጥር ይነሣል፣ ዳር ሄዶ ይጠራታል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሣል። ምሳውን እንኳ ቆሞ ነበር የሚበላው። ሚስቱ አረፍ በል ስትለው፣ ቆይ ይላታል።

በመጨረሻ በረት አጠረ። ጥላ ሠራላቸው፣ የሚጠጡትን በገንዳ አቀረበ፣ ሣር አጭዶ አመጣ፤ በሩንም በወፍራም አግዳሚ እንጨት ዘጋ። አሁን ዐርፋለሁ አለ። የውሃ ጎሽ ግን እንደ ላም ብዙ ላብ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያበርደው ውሃና ጭቃ ነው። ጎሾቹ አጥሩን እየታከኩ ቀኑን ሙሉ ይዞሩ ጀመር። ወተታቸውም እየቀነሰ ሄደ። ሚስቱ ክፈትላቸው ብትለው፣ ልቤ እስኪረጋ ብቻ ታገሺኝ አላት። እሱ ይህን ባለ ማግስት፣ ቀትር ላይ፣ አንዲት ጥጃ ጥላው ሥር እንደተኛች በሙቀት ሞተች።

ሚስቱ ጥጃዋን እያየች፣ «ውሃ አልገደላትም» አለችው።

ሰውየው ሄዶ አግዳሚውን ነቀለ። ጎሾቹ ተጋፍተው ወጡ፤ የሞተችው ጥጃ እናት ብቻ አልነሣም ብላ ቀረች። አርቢው አንገቷን አቅፎ እያባበለ ወደ ረግረጉ ወሰዳት፤ እስከ ወገቡም አብሯት ገባ። ከዚያ ቀን በፊት ውሃ ጉልበቱን አልፎት አያውቅም።

ወተቱ ውሎ አድሮ ተመለሰ። ፍርሃቱ ግን አልሄደም። እስኪያረጅ ድረስ ቀትር በሆነ ቁጥር ዳር ቆሞ ይንቆራጠጥ ነበር። በረቱን ግን ዳግመኛ አልዘጋባቸውም።

እንግዲህ ትርንጎ፣ አርቢው አንቺ ነሽ፤ በረቱም ቤትሽ ነው። ልጅሽ ነርስነት ልማር ብላ ተነሥታለች። አንቺ ደግሞ አባቷ መንገድ ሄዶ ሞቶብሻልና፣ ልቤ እስኪረጋ ትቆይልኝ ትያለሽ። ልጄ፣ ልብሽ አይረጋም። ዘግተሽ ብትይዣትም አይረጋም። ስለዚህ መርጋቱን አትጠብቂ። ሻንጣዋን ራስሽ ያዥና መናኸሪያ ድረስ ሸኚያት። አውቶቡሱ ሲነሣ ትፈሪያለሽ፤ እየፈራሽ ልቀቂያት።