ስድስቱ ሽምብራዎች

ተረት ተረት።
የላም በረት።
በረቱን ካወቃችሁት ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ኩሩ ናት። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመቱ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለልመና የማንንም ደጅ ረግጣ አታውቅም። አንዲት ልጇ ትጓደድ ከወንዝ ማዶ ታጨችና ሠርጉ ደረሰ።

በዚያ አገር አንድ ወግ ነበር። የወንዱ ወገን ስንት ሆኖ እንደሚመጣ አስቀድሞ በመቀነት ቋጥሮ ይልካል። መቀነቱ አንዱ ጫፉ ቀይ ጥለት አለው፤ ቋጠሮውም ሦስት ነው። በቀዩ ጫፍ የተቋጠረች ሽምብራ አንድ ሰው ናት። በመካከል ከሆነች አሥር ሰው ናት። በወዲያኛው ጫፍ ከሆነች ደግሞ መቶ። ሽምብራስ ያችው ሽምብራ ናት፤ የሚያከብዳት የተቀመጠችበት ነው።

መልእክቱን ይዞ የመጣው የሙሽራው አጎት አያ ሙጬ ነበር፤ የቋጠሮውን ነገር ግን አያውቅም። ወንዙ ሞልቶ ኖሮ መቀነቱ ራሰበት። ሽምብራው እንዳያብጥ ሰጋና ሦስቱንም ቋጠሮ ፈታ። ከዚያም ሁሉንም በመዳፉ ጨብጦ ገባ። እንዲህም አለ፦ «እንኪ፣ አንዲት አላጎደልኩም።» እውነቱን ነው። ስድስቱም አሉ።

የአንጓች ወንድም ደስ አለው። ለስድስት ሰው አንድ በግ ይበቃል፣ ጎተራሽም አይጎድልም አላት። እሷ ግን ልቧ አልረጋም። ስድስት ሰው ብቻውን ሙሽራ ሊወስድ ወንዝ አይሻገርም። ብዙ ሰው መጥቶ ማዕዱ ቢያንስ፣ ልጇ «የራብተኛ ልጅ» ተብላ ዕድሜዋን ሙሉ አንገቷን ትደፋለች። በግምት አብዝታ ብታሰናዳም የዘሩ እህል ያልቃል።

አያ ሙጬን አልተቆጣችውም። ጠላ ቀዳችለትና መቀነቱን ከፊቱ ዘረጋችው። ከየትኛው ቋጠሮ ምን እንደ ወጣ ቀስ ብላ ጠየቀችው። እሱም ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ከቀዩ በኩል የወጡት ሦስት ነበሩ፤ አንዷ አምልጣው ከድንጋይ ሥር ለቅሟታል። ከመካከል ሁለት ወጡ። በወዲያኛው ጫፍ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ይህ ሁሉ ጨርቅ ለአንዲት ሽምብራ ነው ወይ ብሎ ስቆባት ነበር።

አንጓች ሽምብራዎቹን በየቦታቸው መለሰቻቸው። አንዷ መቶ፣ ሁለቱ ሃያ፣ ሦስቱ ያው ሦስት። መቶ ሃያ ሦስት ሰው። ጎተራዋን አየችና አለቀሰች። ወንድሟም ሠርጉ ይቅር አለ።

ለቅሶዋ ሲወጣላት ሽምብራዎቹን እንደገና አየቻቸው። መቶው ቢፈታ አሥር ጊዜ አሥር ነው። ሃያው ሁለት ጊዜ አሥር። ተደምሮ አሥራ ሁለት ጊዜ አሥር ይሆናል። በመንደሩም ከእሷ ሌላ አሥራ ሁለት ቤት አለ። መቶ ሃያ ሦስትን አንድ ጎጆ አይችለውም፤ አሥርን ግን ማንም ይችለዋል። የቀረው መለመኑ ነበር። ከቁጥሩ ይልቅ የከበዳት እሱ ነው፣ ልጆቼ።

በማግስቱ ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች። በመጀመሪያው ደጅ ሁለት ጊዜ ደርሳ ተመልሳ በሦስተኛው ገባች። በሁለተኛው ደጅ ቀለላት። አሥር እንግዳ ተቀበሉልኝ እያለች ከቤት ቤት ዞረች፤ እምቢ ያላትም የለም። በመጨረሻው ቤት እማማ ስመኝ የሚባሉ አሮጊት እጇን ያዟትና እንዲህ አሏት፦ «ሰባት ዓመት ሙሉ ደጄን አልፈሽ ሄድሽ። እንግዳውስ ይምጣ፤ እኔ ስጠብቅ የኖርኩት አንቺን ነው።» አንጓችም ጉልበታቸውን ሳመች።

የሠርጉ ዕለት መቶ ሃያ ሦስቱ ሰዎች እየዘፈኑ መጡ። አሥር አሥር እየሆኑም በየቤቱ ገቡ። በአንጓች ጎጆ ሙሽራው፣ አባቱና አያ ሙጬ ብቻ ቀሩ። በሉና ጠጡና ጠገቡ። የሙሽራው አባትም ጎጆዋን ዙሪያውን ቃኘና፣ ይህን ሁሉ ሰው ብቻሽን እንዴት ቻልሽው ብሎ ጠየቃት።

አንጓችም፦ «እኔ የቻልኩት ሦስት ነው» አለችው። «የቀረው የጎረቤቶቼ ነው።»

የእኔም ተረት እዚህ ላይ ተቋጠረ። ተረቴን መልሱልኝና፣ እኔን ደግሞ ሳትቆጥሩ አጉርሱኝ።