የእንስራ ሰፈር ዕጣ

አንድ ቀን፣ ያውም እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ እንስራ ሰፈር ከአረጋዊ እስከ ጎረምሳ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ። እንስራ ሰፈር በከተማው መሀል ተጣቦ የሚኖር ሰፈር ነው። ቤቶቹ ከመጠጋጋታቸው የተነሳ አንዱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚለው ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤት ነው። የማን ቤት ወጥ እንዳረረም ከባለቤቲቱ ቀድሞ የሚያውቀው ሰፈሩ ነው። መንግሥት ይህን የከተማ መጨናነቅ አየና አዲስ ሕግ አወጣ፤ በከተማው ዙሪያ አዳዲስ ከተሞች ይቆረቆራሉ፣ እንደ እንስራ ሰፈር ተፋፍገው የሚኖሩትም ወደዚያ ይሄዳሉ ተባለ። ያን ቀን ሕጉን ለማስረዳት የመጣው ኢንጂነር ናሁሰናይ የሚባል ሰው ነው።

ናሁሰናይ ክፉ ሰው አልነበረም። ሕጉን ካረቀቁት ሰዎች አንዱ ስለሆነ ግን እንደ በኩር ልጁ ይሳሳለታል፤ ሰው ሲነካበት አይወድም። ግድግዳው ላይ ትልቅ ፕላን ሰቅሎ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ገበያውን፣ የልጆች መጫወቻውን በዘንግ እያመለከተ አሳየ። ውሃ በየቤቱ እንደሚገባ ሲናገር ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ቦኖ ላይ ተሰልፎ ያረጀ ሰው የራሱን ቧንቧ እንዴት ይጠላል? ሰፈሩ ገና ዕቃውን ሳይሸክፍ በልቡ ሄዷል።

የቤቱ አሰጣጥ ላይ ሲደርስ ግን ነገር ተበላሸ። ቤት የሚሰጠው በዕጣ ነው፣ ዕጣውን የሚያወጣውም ኮምፒውተር ነው አለ። አንዱ ምሥራቅ ጫፍ ሲደርሰው የግድግዳ ተጋሪው ምዕራብ ጫፍ ሊደርሰው ይችላል። አድልዎ እንዳይኖር ሲባል ጎረቤት መምረጥ አይቻልም። ይህን ሲሰማ ደስ ብሎት የነበረው ሁሉ ዞር ብሎ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ማየት ጀመረ።

ከኋላ ጋሽ ወልደሰንበት ብድግ አሉ።

ጋሽ ወልደሰንበት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው በሞተ ቁጥር ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ በየጉራንጉሩ ጡሩምባቸውን እየነፉ «እገሌ አርፏልና የእድሩ ሰው ውጣ» ብለው የሚለፍፉት እሳቸው ናቸው። ከዚህ የተነሳ ሰፈሩ ድምፃቸውን በሰማ ቁጥር ይደነግጣል። «እንደምን አደራችሁ» ቢሉ እንኳ ሰው መጀመሪያ ደረቱን ይዞ ነው እግዚአብሔር ይመስገን የሚለው። ያን ቀንም ገና ከመቀመጫቸው ሲነሱ አንዲት ሴት ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ እየተጣደፈች «ማን ሞተ?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ።

እሳቸው ግን አልሳቁም። ባለቤታቸው ዘርፌ ያረፈች ጊዜ ድንኳኑን የጣለው፣ ንፍሮውን የቀቀለው፣ ቤቱ ጭር እንዳይልባቸው ተራ ገብቶ ሲያመሽ የከረመው ይኸው ሰፈር ነበር። ልጅ የላቸውም፤ ያላቸው ዘመድ ይህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለሳቸው ተረት አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን ሞትን ሲለፍፉ ስለኖሩ ሞትን አይፈሩትም። የሚፈሩት የማያውቃቸው ሰው መሀል መሞትን ነው። የሁሉን ሞት እሳቸው ለፍፈዋል፣ የሳቸውን ማን ሊለፍፍላቸው ነው?

ስለዚህ ልመናቸው አጭር ነበር። የትኛውም ጫፍ ይድረሰን፣ ፀሐይ የማይወጣበትም ይሁን፣ ብቻ ሰፈሩን ሳትበትኑ በአንድ ዕጣ አውጡን አሉ። ናሁሰናይ በትሕትና አዳመጣቸውና እንዲህ የሚል አንቀጽ የለም፣ ጎረቤት እዚያ ታፈራላችሁ ብሎ መለሰ። ጋሽ ወልደሰንበት ግን አልተቀመጡም። እንደቆሙ ትክ ብለው ሲያዩት ጊዜ ናሁሰናይ ነገሩ ከነከነው።

«ጋሼ» አለ፣ «ይህ ሕግ ስንት ዓመት የተለፋበት ነው። ለሰው ልጅ የሚያስፈልግ ሆኖ ያልታሰበበት ነገር የለም። አንድ የጎደለ ነገር ቢያገኙበት ጥያቄዎን እኔው ራሴ ለበላዮቼ አቀርባለሁ። ቃሌ ነው።»

አዳራሹ ተነቃቃ። ሲያንቀላፉ የነበሩትም ዓይናቸውን ጠረጉ። ጋሽ ወልደሰንበት ትንሽ አሰቡና ልጅ ቢወለድስ ብለው ጠየቁ፤ ናሁሰናይ ማዋለጃውን አሳያቸው። ሰው ቢጣላስ አሉ፤ ፖሊስ ጣቢያውን አሳያቸው። በግ ቢጠፋስ ሲሉ፣ በከተማው ውስጥ በግ ማርባት ክልክል ስለሆነ አይጠፋም አላቸው። በዚህኛውስ እሳቸውም ሳቁ። ሰፈሩ ግን ጋሽ ወልደሰንበት ሊሸነፉበት እንደሆነ ሲያይ አንገቱን ደፋ።

«እሺ፣ ሰው ቢሞትስ?» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት።

ናሁሰናይ ይህችን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ዘንጉን ወደ ፕላኑ ጥግ ወሰደ። «መካነ መቃብር። አጥር አለው፣ ጽድ ተተክሎበታል፣ መንገዱም አስፋልት ነው።»

«ማን ተሸክሞ ያደርሰናል?»

«ሸክም ቀረ ጋሼ። የማዘጋጃ ቤት መኪና አለ።»

«መኪናው ያለቅሳል?»

አዳራሹ ተንጫጫ። ናሁሰናይም ራሱን መግታት አቅቶት ሳቀ፤ ነገር ግን የዋዛ ሰው አልነበረምና ቶሎ መልስ አገኘ። ለቅሶማ የጎረቤት ፋንታ ነው አለ። ሰው የትም ሰው ነው፤ ቡና ከተጠራራችሁ፣ ልጆቻችሁ አብረው ከተጫወቱ አዲሱም ጎረቤት ያለቅስላችኋል፤ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲባል የእንስራ ሰፈር ሰው ብቻ ማለት አይደለም ሲል ተናገረ። አነጋገሩ ለዛ ነበረው። ከፊት የተቀመጡት የእድሩ ዳኛ አቶ ቢተው ሳይቀሩ ውሸትም አይደለም የሚል ፊት አሳዩ። ጋሽ ወልደሰንበት በቃ ተረቱ ተባለ።

እሳቸው ግን በወንበሮቹ መሀል እየተሽሎኮሎኩ ወደ ፊት መጡና ፕላኑን ጠጋ ብለው አዩት። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ ኢንጂነሩ ራሱ የት እንደሚኖር ጠየቁት። ናሁሰናይ ይህን ጥያቄ ወደደው። ሕጉ ገና ሲጠና ለሙከራ ከተሠሩት አዲስ ከተሞች በአንዱ እንደሚኖር፣ ቤቱም እንደማንም በዕጣ እንደደረሰው፣ ልጆቹ እዚያ ተወልደው እዚያ እንዳደጉ፣ እሱ ያልሄደበትን ሂዱ እንደማይል ተናገረ። ሰዉ ይህን ሲሰማ አከበረው። አንዳንዱማ እውነትም ይሄ የመንግሥት ሰው የሚለውን የሚኖር ነው ብሎ ለጎረቤቱ ሹክ አለ።

«ጎረቤቶችህስ እንዴት ናቸው?» አሉት ጋሽ ወልደሰንበት።

«ደጋግ ሰዎች ናቸው። እንደ ወንድምና እህት ነው የምንተያየው።»

«እሰይ፣ ይባርካችሁ። እድርህ የት ነው ታዲያ?»

ናሁሰናይ ዘንጉን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። መዋሸት ይችል ነበር፤ ማንም ሄዶ አያጣራበትም። ክፉ ሰው አልነበረም ብለናል እንጂ።

«እድሬማ…» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ ሰፈር ነው። እዚሁ፣ ከወንዙ ማዶ።»

 ጋሽ ወልደሰንበት እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉና፣ ጡሩምባ በለመደ ድምፃቸው ሳይሆን አባት ልጁን እንደሚያጽናና በለሆሳስ እንዲህ አሉት፦

«እንግዲህ ልጄ፣ አንተ ራስህ የጻፍኸውን ሕግ በሬሳህ አላመንኸውም፤ እኛ ሳናነበው እንመነው?»

ናሁሰናይ ቃሉን አላጠፈም፤ የበላዮቹም ጥያቄውን ተቀበሉትና እንስራ ሰፈር ከነድንኳኑ፣ ከነጡሩምባው በአንድ ዕጣ ወጣ። አዲሱ ከተማ በገቡ በሳምንቱ «እድራችሁ ከውጭ ሰው ይቀበላል ወይ?» ብሎ አቶ ቢተውን ያስጠየቀው የመጀመሪያው ሰው ኢንጂነር ናሁሰናይ ነው ይባላል።