ከታንኳው የማይወርደው ዳኘው

በእኛ በሐይቅ ዳር አገር፣ ጠፍቶ የኖረ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመለስ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሽማግሌዎቹ ቦታ ይለቁለትና አንዲት አጭር ቃል ጣል ያደርጉለታል። ቃሏን ትንሹም ትልቁም ያውቃታል፤ መጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣችና ስለ ማን እንደተባለች የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ዳኘው የሚባል ታንኳ ቀዛፊ ነበር። ደንገሉን ራሱ አጭዶ፣ ራሱ አስሮ በሠራት ታንኳ፣ እሑድ እሑድና በበዓላት የመንደሩን ሰው በሐይቁ መካከል ወዳለችው ደሴት ያሻግራል። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው እዚያ፣ ዛፎቹ መሐል ነው። ዳኘው ሰዉን ያወርዳል፣ አሮጊቶቹን ይደግፋል፣ ለመሥዋዕቱ የመጣውን ስንዴ ያቀብላል፤ እሱ ግን አይወርድም። ቅዳሴው እስኪያልቅ ታንኳዋ ላይ ተቀምጦ ውሃ ውሃውን ያያል። እንዲህ ሲያደርግ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

ፊት እንዲህ አልነበረም። ሳያስቀድስ የሚውልበት እሑድ አልነበረውም። ስንዱ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረችው፤ ሌላ ልጅ የለውም። አንድ ክረምት ንዳድ ያዛት። ዳኘው ሰባት ቀን እህል ሳይቀምስ ለመነ፣ ተሳለ፤ በስምንተኛው ቀን ማዕበሉን እየተጋፋ ደሴቲቱ ድረስ ቀዝፎ ጠበል ቀድቶ ተመለሰ። ጠበሉን በቅል አቅፎ ወደ ቤቱ ሲቃረብ የሚስቱን የይርገዱን ለቅሶ ሰማ።

ስንዱ የተቀበረችው በደሴቲቱ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ለቀስተኛው ሲበተን ዳኘው ከቅጥሩ ወጥቶ ወደ ደጁ ዞረና፣

«ለመንኩት፤ አልሰማኝም። ዳግመኛ ይህን ደጅ ብረግጥ እግዜር ይፍረድብኝ» አለ።

የነፍስ አባቱ አባ ኅሩይ አጠገቡ ነበሩ። ሊያጽናኑት ቃል ጀመሩና ፊቱን ሲያዩ ተዉት።

ቁጣው ሦስት ዓመት ያህል ነደደና በረደ። ከዚያ በኋላ እንዳይወርድ የያዘው ሌላ ነገር ነው። የቅዳሴው ዜማ በውሃው ላይ ሲመጣ ከንፈሩ ሳያስበው ይቀበላል፤ ወዲያው ያፍርና ዝም ይላል። «ያን ሁሉ ተናግሬ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» ይላል ለራሱ። አንድ ሳምንት ቀርቶ መመለስ ይቻላል፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ግን ደጁ የሚርቅ፣ ደሴቲቱ ራሷ ወደ ኋላ የምትሸሽ ይመስለው ጀመር። ይርገዱ አልጨቀጨቀችውም። ነጠላዋን እየተከናነበች «ዛሬስ?» ትለዋለች። «አደርስሻለሁ» ይላታል። ነገሩ በዚሁ ያልቃል።

በዘጠነኛው ዓመት፣ የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ቀን፣ ማለዳ ብርቱ ነፋስ ተነሣ። ይርገዱም ሌላውም ሰው ከዋዜማው ተሻግሮ ነበር፤ የቀረው ሐይቁን ፈርቶ ቤቱ ዋለ። እማሆይ ጸበለ ማርያም ብቻ በበቅሎ ተጭነው ዳርቻው ደረሱ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው መነኵሲት ናቸው፤ እግራቸው ከከዳቸው መንፈቅ ሆኗል።

«እማሆይ፣ ውሃው ተቆጥቷል። ለሚመጣው እሑድ ቢያደርጉትስ?» አላቸው ዳኘው።

«የሚመጣው እሑድ እኔን ያገኘኝ አይመስለኝም። ዛሬ መቁረብ አለብኝ፣ ልጄ።»

እምቢ ማለት አልሆነለትም። ማዕበሉ እያነሣ እየጣለ ሁለቱንም አበስብሶ አደረሳቸው። በደሴቲቱ ዳር ግን ሰው የለም፤ ሁሉም ቅዳሴ ገብቷል። ዳኘው ግራ ቀኙን አየና ጎንበስ ብሎ አዘላቸው።

«እስከ ደጁ ብቻ ነው» አለ።

«እስከ ደጁ» አሉ እማሆይ።

አቀበቱ ጭቃ ነበር። አሮጊቷ እንደ ጭራሮ ቀለዋል። ዳኘው ደጁ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ከውስጥ የሚወጣ ሰው ጠበቀ። የወጣ የለም።

«አውርደኝና በእጄ ልዳህ» አሉ እማሆይ።

«እንዴት ይሆናል? በዚህ ጭቃ?»

«እንግዲያ ግባ።»

«ምያለሁ፣ እማሆይ። እርስዎም ሰምተዋል፤ አገር ሰምቷል።»

«ምን ብለህ ነበር የማልከው? አርጅቻለሁ፣ ረሳሁት።»

«ይህን ደጅ ብረግጥ እግዜር ይፍረድብኝ ብዬ ነው።»

«ማን ይፍረድብኝ?»

«እግዜር።»

«እንግዲያ በዘጠኝ ዓመት ዳኛህን አልለወጥክም» አሉ እማሆይ ከጀርባው ሆነው። «ተጣልተኸው እንኳ የምትከሰው እሱው ዘንድ ነው። ዳኛህ ደግሞ ያለው ውስጥ ነው፤ ገብተህ ተሟገተው።»

ዳኘው ጫማውን በእግሩ አወለቀ፤ ገባ።

እማሆይን ከሚቆርቡት ሴቶች አጠገብ ግድግዳ አስደግፎ አስቀመጣቸው። ይርገዱ አየችው። አልጠራችውም፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ዳኘው ወደ በሩ ዞሮ ሊወጣ አለና ተመልሶ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆሞ አስቀደሰ።

ቅዳሴው ሲያልቅ አባ ኅሩይ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ዳኘው ቀና ብሎ አላያቸውም።

«ይፍቱኝ፣ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ገብረ ኪዳን።»

የክርስትና ስሙን ከሰማ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። «አልረሱትም?» አለ።

«ስለ መንገደኞች በሚጸለይበት ሰዓት ሁሉ አነሣው ነበር። ከሞቱት ጋር ልጠራህ አልወደድኩም። መንገደኛ ነው፣ ይመለሳል አልኩ።»

«አባ፣ ልዋሽዎ አልፈልግም። ልጄ ለምን እንደሞተች ዛሬም አልገባኝም።»

«እኔም አልገባኝም» አሉ አባ ኅሩይ። «ፍትሐቷን ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ብዙ ቀን ጠይቄዋለሁ። እኔ ውስጥ ሆኜ፣ አንተ ውጭ ሆነህ ስንጠይቅ ኖርን። ከእንግዲህ አብረን እንጠይቀው።»

ዳኘው በዚያች ቃል ተሸነፈ፤ መስቀሉ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። «ንስሐዬስ?» ቢላቸው፣ «ነገ ና፣ እንነጋገራለን። ዛሬ ጾም የሚፈታበት ቀን ነው፤ ከሚስትህ ጋር ብላ» ብለው አሰናበቱት።

ይርገዱ ግን መጀመሪያ ወደ ቅጥሩ ጥግ ወሰደችው። የስንዱ መቃብር እዚያ ነው። በዘጠኙ ክረምት አረሙን ብቻዋን ስትነቅል፣ ድንጋዩን ብቻዋን ስታስተካክል ኖራለች። ዳኘው ከአጠገቧ ተንበርክኮ የቀረችውን ሣር ነቀለ።

ነፋሱ ሲበርድ ዳኘው እማሆይን መልሶ አዝሎ ወረደ፤ ሰዉም ተከተለው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ግራዝማች በላቸው፣ መገረማቸውን መደበቅ አቃታቸው።

«ዳኘው፣ ዘጠኝ ዓመት የራቀህን ደጅ በአንድ ማለዳ እንዴት ደረስክበት?» አሉት።

እማሆይ ጸበለ ማርያም ከዳኘው ጀርባ ቀና ብለው፣ «ግራዝማች፣ ልጅ ቢርቅ ደጅ አይርቅ» አሉ።